ጉም ያዘገየው ብልቃጥ፦ የአፍንጫ ጀርባ ካንሰርና «ይመለሳል ወይ?» የሚለው የደም ምርመራ ታሪክ



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው ውጭ አገር ነው። ታላቅ ወንድሟ እዚህ አዲስ አበባ የናሶፋሪንክስ ካንሰር፣ ማለትም ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ የላይኛው ጫፍ የሚነሳ ካንሰር ተገኝቶበት ኪሞና ጨረር ወስዶ ጨርሷል። እሷ ደግሞ በሽታው ይመለስ አይመለስ ቀድሞ የሚናገር የደም ምርመራ እንዳለ አንብባለች። «ዶክተር፣ ደሙን አስቀድተን ወደ ውጭ እንላከው? ገንዘቡን እኔ እንደምንም አገኛለሁ» ትላለች።

አጭሩን መልስ ለእሷ ወዲያው ጽፌላታለሁ፤ መጨረሻ ላይ እናንተም ታገኙታላችሁ። ግን አጭር መልስ ብቻውን ሰው አያሳምንም። በተለይ የወንድም ነገር ሲሆን። ስለዚህ ምርመራው ከየት እንደመጣ፣ ምን ተስፋ እንደተጣለበት፣ የቱ ላይ እንደተሳካ፣ የቱ ላይ ደግሞ እኛን ሐኪሞችን አንገት እንዳስደፋን ልንገራችሁ። ታሪኩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የሚነሳው ከካምፓላ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዮማርከር የሚለው ቃል አያስጨንቃችሁ። በደም፣ በሽንት ወይም በእጢ ናሙና ውስጥ ተለክቶ ስለ በሽታው አንድ ነገር የሚነግረን ምልክት ሁሉ ባዮማርከር ነው። ለስኳር ታማሚ የምናዘው የሦስት ወር አማካይ የስኳር ልኬትም ባዮማርከር ነው። ካንሰር ላይ ግን ሁለት ዓይነት እንዳለ ከአሁኑ ያዙልኝ። አንዱ ዕጣ ነጋሪ ነው፤ የበሽታው አካሄድ ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁማል። ሌላው መድኃኒት መራጭ ነው፤ ይህኛው መድኃኒት ይህን ሰው ይጠቅመዋል፣ ያኛው ግን አይጠቅመውም ይላል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመማር እኛም ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል።

በ1957 ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ አንድ ዓይኑን አጥቷል። አንድ ቀን የላይኛውና የታችኛው መንጋጋው በሁለቱም በኩል ያበጠ ልጅ እንዲያይ ተጠራ። እንዲህ ያለ እብጠት በበሽታ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ልጅ አየ፤ ከዚያ ሌላ። በሚቀጥለው ዓመት በቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈው፤ ብዙም ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ዛሬ በርኪት ሊምፎማ ብለን የምንጠራው እሱ ነው።

ማርች 22 ቀን 1961 በርኪት ለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ ስለዚህ በሽታ ንግግር አደረገ። ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል የፓቶሎጂ ተመራማሪ ነበር። ኤፕስታይን ዶሮዎች ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያጠና ስለነበር፣ በርኪት በሽታው በሙቀትና በዝናብ መጠን ተለይቶ በተወሰነ የአፍሪካ ክፍል እንደሚታይ ሲናገር ጆሮው ቆመ። በአየር ጠባይ የሚወሰን ካንሰር ከሆነ፣ ከጀርባው አንድ ተላላፊ ነገር ቢኖርስ?

ከዚያ በኋላ ከዩጋንዳ የእጢ ናሙናዎች በአውሮፕላን ወደ ለንደን መጓዝ ጀመሩ። ኤፕስታይን ከሁለት ዓመት በላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፈለገ። ምንም አላገኘም።

ዲሴምበር 5 ቀን 1963 ከዩጋንዳ የመጣው አውሮፕላን ለንደን ላይ ጉም ስለነበረ ወደ ማንችስተር ዞረ። ናሙናው ዘግይቶ ላቦራቶሪ ሲደርስ እጢው የተቀመጠበት ፈሳሽ ደፍርሷል። የደፈረሰ ፈሳሽ ለማንኛውም የላቦራቶሪ ሰው አንድ ነገር ነው የሚነግረው፦ ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ ይደፋ። ኤፕስታይን ግን ከመድፋቱ በፊት አንድ ጠብታ ወስዶ በተራ ማይክሮስኮፕ አየው። ያደፈረሰው ባክቴሪያ አልነበረም። በመንገድ ላይ በመናወጡ ከእጢው ተላቅቀው በነፃ የሚንሳፈፉ፣ በሕይወት ያሉ የካንሰር ሴሎች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሴሎቹን አሳድጎ ማቆየት አቅቶት ነበር፤ አሁን ተንሳፍፈው እንደሚያድጉ ገባው። ከረዳቱ ከኢቮን ባር ጋር አሳደጓቸው። በ1964 መጀመሪያ ላይ ከእነዚያ ሴሎች የተዘጋጀውን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ ቫይረሱን አገኘው። ራሱ እንደተናገረው፣ ከደስታው ብዛት ማሽኑን አጥፍቶ ያለ ካፖርት በበረዶ ውስጥ ሕንፃውን ዞረ። ማርች 28 ቀን ኤፕስታይን፣ ትሪኒዳድ የተወለደው በርት አቾንግና ባር ግኝታቸውን በላንሴት መጽሔት አወጡት። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ኢቢቪ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ቫይረሱን አብሮ የሚያጠና ፈቃደኛ ላቦራቶሪ ስላልተገኘ ሴሎቹ ውቅያኖስ ተሻግረው ፊላደልፊያ ወደሚሠሩት ባልና ሚስት፣ ወደ ቨርነርና ገርትሩድ ሄንለ ተላኩ። ሁለቱ የሠሩት ምርመራ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፤ በቫይረሱ ያልተያዘ አዋቂ ማግኘት ከባድ ነበር። ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል፤ ከ10 አዋቂዎች 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ተሸክመውት ይኖራሉ። ፀረ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ ያልነበረ አንዲት የላቦራቶሪያቸው ሠራተኛ በ1967 ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የአንገት እጢ እብጠት ይዟት ቆይታ ስትድን ደሟ ተለውጦ ተገኘ። ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባለው የወጣቶች ሕመም መንስኤ የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንዳንድ ሕሙማን «ኢቢቪ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዘው እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። ወረቀቱን ስታዩት ብዙ ጊዜ የተለካው አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሕይወትህ አንድ ቀን ቫይረሱ አግኝቶሃል። የእኔም ቢመረመር ፖዘቲቭ ነው የሚሆነው። ስለ ካንሰር ምንም አይናገርም። ጠያቂዋ ልትልከው ያሰበችው የወንድሟ ምርመራ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ወደ አፍንጫ ጀርባ እንመለስ። በ1966 አሜሪካ ውስጥ ሎይድ ኦልድና ባልደረቦቹ የበርኪት ሊምፎማ ሕሙማንን ደም ከእነዚያ ሴሎች ጋር ሲፈትሹ፣ የናሶፋሪንክስ ካንሰር ሕሙማን ደምም በተመሳሳይ መንገድ ምላሽ ሰጠ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ናይሮቢ ይሠራ የነበረው የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ፒተር ክሊፎርድ ነው። በ1970 ደግሞ ከሄንለዎች ጋር ሠርቶ ወደ አገሩ የተመለሰው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የቫይረሱን ዲኤንኤ እራሱ በናሶፋሪንክስ ካንሰር ናሙና ውስጥ አገኘው። የዚህን ሰው ስም ያዙት፤ ኋላ ላይ በሌላ በር ይመጣል።

ይህ ካንሰር በብዛት የሚታየው በደቡብ ቻይና ነው፤ የካንቶን እጢ ይሉት ነበር። (በጨው የተዘጋጀ የካንቶን ዓሣም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።) እዚያ ያህል አይብዛ እንጂ በሰሜን አፍሪካ አገሮችና እንደ ሱዳንና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶቻችን ከአውሮፓ ይልቅ ይታያል። እኛም ክሊኒካችን ውስጥ እናየዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ የማያም የአንገት እብጠት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ የአንገት እብጠት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የእጢ ቲቢ ነው። ቋንቋችንም አላገዘንም፤ ቲቢውንም ካንሰሩንም «ነቀርሳ» ብለን እንጠራቸዋለን። ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድኃኒት ለወራት የወሰዱ፣ እብጠቱ ግን አልጠፋ ያላቸው ሰዎች ያጋጥሙናል። በአንድ በኩል ብቻ የደፈነ ወይም የሚጮህ ጆሮ፣ ጠዋት ጠዋት ከንፍጥ ጋር የሚወጣ ደም፣ በአንድ በኩል የተዘጋ አፍንጫ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የፊት መደንዘዝ፦ ከነዚህ አንዱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም በቀጭን ካሜራ ከአፍንጫ ጀርባ ይመልከትላችሁ።

በ1976 ሄንለዎች በናሶፋሪንክስ ካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ አይጂኤ የሚባለው ፀረ ቫይረስ እንደሚጨምር አሳዩ። ዜንግ ዪ የተባለው ቻይናዊ ተመራማሪ ይህንኑ ይዞ ጓንግሺ ክፍለ ሀገር ወርዶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መረመረ፤ ገና ምልክት ያላሳዩ ሕሙማንንም አገኘ። ችግሩ ፀረ እንግዳ አካል ቀርፋፋ ምስክር መሆኑ ነው። እጢው በጨረር ተቃጥሎ ከጠፋ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ደም ውስጥ ይቆያል። «ከሕክምናው በኋላ ምን ቀረ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሆን አልነበረም።

መልሱ የመጣው ፈጽሞ ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1996 ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የዴቪድ ሲድራንስኪ ቡድን የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከእጢው የፈሰሰ ዲኤንኤ እንደሚገኝ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት አንዱ ኦክስፎርድ የነበረው የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ዴኒስ ሎ ነው። ሎ ለዓመታት ሲፈልግ የኖረው ሌላ ነገር ነበር፤ ከእርጉዝ ሴት ደም ውስጥ የፅንሱን ዲኤንኤ ማግኘት። ሐሳቡ መጣለት፦ እጢ ዲኤንኤ ወደ ደም የሚያፈስ ከሆነ በእናቱ ሆድ ውስጥ የሚያድግ ፅንስም ማፍሰስ አለበት። ሴሎቹን ትቶ ፕላዝማውን፣ ማለትም የቢጫውን ውሃ ክፍል ወሰደ። ከፕላዝማ ዲኤንኤ ማውጣት በደንብ ስላልለመደ ደግሞ፣ ፈጣን ኑድል እንደሚሠራበት አድርጎ ለአምስት ደቂቃ ቀቀለው። ፅንሱን አገኘው። ዛሬ ነፍሰ ጡሮች በደም ብቻ የሚያደርጉት የዳውን ሲንድረም ምርመራ የመጣው ከዚያ ነው።

በ1997 ሎ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። ዙሪያውን ያሉት ሐኪሞች በየቀኑ የሚያክሙት የናሶፋሪንክስ ካንሰር ነው። የእጢው ሴሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ብዙ የኢቢቪ ቅጂ ተሸክመዋል። ሴሎቹ ሲሞቱ የቫይረሱ ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ደም ይፈሳል። በ1999 ባወጡት ጥናት ከ57 ሕሙማን በ55ቱ ፕላዝማ ውስጥ አገኙት፤ ካንሰር ከሌለባቸው 43 ሰዎች ግን በ3ቱ ብቻ። በሽታው የገፋባቸው ሰዎች ቁጥርም ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ምስክር እንደ ፀረ እንግዳ አካሉ ቀርፋፋ አይደለም። እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሕሙማን ላይ ሲለካ የቫይረሱ ዲኤንኤ መጠን በየሁለት ሰዓት ተኩሉ ገደማ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ደም ውስጥ የተገኘ ቅጂ የዛሬ ዜና ነው። በ2004 ታይዋን ውስጥ በሽታቸው የገፋ 99 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። ከሕክምና በፊት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,500 ቅጂ በታች የነበራቸው የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ከሁሉ በላይ የከፋው ግን ጨረር ከጨረሱ ከአንድ ሳምንት በኋላም ቅጂው ያልጠፋላቸው ሰዎች ዕጣ ነበር፤ በብዙዎቹ በሽታው አገረሸ።

እንግዲህ አስቡት። ታማሚው ሕክምናውን ጨርሷል፣ ስካኑ ንጹህ ነው፣ ሁሉም ሰው እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ደሙ ግን ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ማንም ሐኪም የሚያስበው ቀጣይ እርምጃ አንድ ነው፦ ደሙ የቀረ ነገር ካሳየ ተጨማሪ ኪሞ ስጠው። ምክንያቱ ልክ፣ ሐሳቡ ልክ። የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች ግን ልክ የመሰለውን ነገር ሁሉ በሙከራ ሳያዩ ሊቀበሉት አልፈለጉም። ሊመሰገኑ የሚገባው ለዚህ ነው እላለሁ።

ከ2006 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሕክምናቸውን የጨረሱ 789 ሰዎችን ደም መረመሩ። ከእነሱ 216ቱ ደም ውስጥ ቅጂው ቀርቶ ነበር። መስፈርቱን ካሟሉት 104ቱን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለ52ቱ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የሚባሉ መድኃኒቶች ተሰጡ፣ 52ቱ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ውጤቱ በ2018 ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት ተጨማሪ ኪሞ ከወሰዱት 49.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 54.7 በመቶ ነበሩ። የስታትስቲክስ ልዩነት የለም። መድኃኒቱ ማቅለሽለሹን፣ የደም ማነሱንና የኢንፌክሽን ስጋቱን ከመጨመር በቀር የሰጠው ነገር አልነበረም።

ምርመራው ውሸት አልነበረም። በትክክል ተንብዮአል። ግን ዕጣ ነጋሪ እንጂ መድኃኒት መራጭ አልነበረም። ማን እንደሚያገረሽበት ነገረን፤ ምን እናድርግለት የሚለውን አልነገረንም። አዲስ መድኃኒቶችን ይዘው ይህንኑ ጥያቄ የሚሞክሩ ጥናቶች ከዚያ በኋላም ቀጥለዋል።

በዚያው ደም ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ድል ተገኘ። በ2017 የሎ ቡድን ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 20,174 የሆንግ ኮንግ ወንዶች መርምሮ ውጤቱን አወጣ። በሁለት ዙር ምርመራ ደማቸው ላይ ቅጂው የጸናባቸው 309 ነበሩ፤ 34ቱ ካንሰሩ ተገኘባቸው። በዚህ መንገድ ከተገኙት 71 በመቶው በመጀመሪያና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ በተለመደው መንገድ ታመው ከሚመጡት መካከል ግን 20 በመቶው ብቻ ናቸው። «ታዲያ እኛም ሁላችን እንመርመር?» እንዳትሉኝ። ያ የሚያዋጣው በሽታው በብዛት ባለበት ሕዝብ ውስጥ ነው።

ሱር ሃውዘንን ያዙት ብያችሁ ነበር። የናሶፋሪንክሱን ሥራ ትቶ የማህፀን በር ካንሰርን ከኪንታሮት ቫይረስ ዘመዶች ጋር ማገናኘት ሲጀምር ብዙዎች አላመኑትም። በ1983 ኤችፒቪ 16ን፣ በቀጣዩ ዓመት ኤችፒቪ 18ን ለየ፤ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። አገራችን በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው ክትባት መሠረቱ ይህ ሥራ ነው። እዚያው በ1983 ፊንላንዳዊው ካሪ ሲርየነን ይኸው ቫይረስ የአፍ ካንሰር ውስጥም ሳይኖር እንደማይቀር ጻፈ። በ2000 የጆንስ ሆፕኪንሷ ሞራ ጊሊሰንና ባልደረቦቿ 253 የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ናሙናዎችን ሲፈትሹ ከአራቱ በአንዱ ኤችፒቪን አገኙ፤ የተጠራቀመው በቶንሲልና በምላስ ሥር ላይ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ቫይረሱ ያለበት እጢ ከሌለበት ይልቅ በሕክምና ይሸነፋል።

በ2010 ኪያን አንግና ጊሊሰን ያወጡት ጥናት ነገሩን አጸናው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ቫይረሱ ካለባቸው 82.4 በመቶ፣ ከሌለባቸው 57.1 በመቶ ነበሩ። ሲጋራ ግን ይህን ዕድል ይበላል፤ በቀን አንድ ፓኮ ለአንድ ዓመት ያጨሰ ሰው የመሞት አደጋው በአንድ በመቶ ይጨምራል፣ በሁለተኛው ዓመት ሌላ አንድ በመቶ፣ እንዲህ እያለ። ዛሬ ፓቶሎጂስቱ ፒ16 የሚባል ፕሮቲን በቡናማ ቀለም አቅልሞ ያያል፤ ከእጢው ሴሎች 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጠንከር ብለው ከቀለሙ የኤችፒቪ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከ2018 ጀምሮ የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር የደረጃ ሰንጠረዥ ራሱ በፒ16 ለሁለት ተከፍሏል። ይህ ቶንሲልና ምላስ ሥር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የጉንጭ ወይም የማንቁርት ካንሰር ያለበት ሰው ፒ16 ወረቀቱን ይዞ ተስፋውን ከዚያ ቢለካ ይሳሳታል።

እዚህም ያው ስህተት ጠበቀን። ዕድላቸው መልካም ከሆነ ሕክምናውን እናቅልልላቸው ተባለ። ሲስፕላቲን ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል፤ በምትኩ ሴቱክሲማብ የሚባለው ይሰጥ። ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ አንዱ በአሜሪካ የሚመራ፣ ሌላው በእንግሊዝ፣ በ2018 መጨረሻ አንድ ላይ መለሱ። በእንግሊዙ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ሲስፕላቲን ከወሰዱት 97.5 በመቶ፣ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት 89.4 በመቶ ነበሩ። ጉዳቱም በአጠቃላይ ሲታይ አልቀነሰም። ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎች በቅን ልቦና የታሰበ ማቅለል ጎዳቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚኖር ዘመድ «ፒ16 ፖዘቲቭ ከሆነ ኪሞውን ይተዉለት» ብሎ ሲጽፍላችሁ ይህን አስታውሱት።

በእርግጥ መድኃኒት መራጭ የሆነ ምልክትም አለ። የገረሸ ወይም የተሰራጨ የአንገትና ጭንቅላት ካንሰር ላይ ፒዲ-ኤል1 የሚባለው ፕሮቲን ሲበዛ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ከቀድሞው ሕክምና ይሻላል፤ በ2019 በወጣው ሙከራ ነጥቡ 20ና ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ አማካይ ዕድሜን ከ10.7 ወር ወደ 14.9 ወር አራዝሟል። ዋጋው ግን ለአብዛኛው ቤተሰባችን የሚቀመስ አይደለም። መድኃኒቱን መግዛት እንደማይችል ለሚያውቅ ሰው ምርመራውን ማዘዝ ምን ያደርግለታል? እኔ ከማዘዜ በፊት ይህን ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ እነጋገራለሁ።

አሁን ለእህታችን የጻፍኩትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ተለክቶ ነበር?» የሚል ነበር። አልተለካም። ከናሶፋሪንክስ ካንሰሮች ጥቂቶቹ መጀመሪያውንም ቅጂ ወደ ደም አያፈሱም፤ ስለዚህ መነሻው ሳይታወቅ አሁን «ዜሮ» ቢወጣ ሙሉ በሙሉ አያሳርፍም። ሁለተኛ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ፕላዝማው በሰዓታት ውስጥ ተለይቶ በረዶ ሆኖ መጓዝ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ ነገር አይደለም። የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥርም ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ሦስተኛ፣ ቅጂ ቢገኝበት እንኳን በዚያ ቁጥር ብቻ የሚጨመርለት የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ስካኑን ቀደም ብሎ ለማሠራትና ክትትሉን ለማጥበቅ ይጠቅም ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ምርመራው እዚሁ በቀላል ዋጋ ቢገኝ ኖሮ ከሕክምና በፊትም በኋላም ባዘዝኩት ነበር። የምትልኪው ገንዘብ ውስን ከሆነ ግን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውዪው አልኳት፦ ከጨረሩ በኋላ በሦስተኛው ወር አካባቢ ለሚሠራው ኤምአርአይ፣ ለመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ በካሜራ ለሚደረገው ምርመራ፣ ለመስሚያ ምርመራ፣ አንገት ላይ ጨረር ስለወሰደም በየስድስት ወሩ እስከ ዓመት ለሚደረገው የታይሮይድ ሆርሞን ልኬት።

«እሺ ዶክተር» ብላ መለሰች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ አንድ መልእክት ጨመረች፤ ወንድሟ የመንጋጋ ጥርሱ ሲያመው ሰንብቶ ነገ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ሊያስነቅለው ቀጠሮ ይዟል፣ ችግር አለው?

አሁኑኑ ደውይለት አልኳት። ጨረር የወሰደ መንጋጋ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ጥርስ ሲነቀል ቁስሉ ሳይድን አጥንቱ ሊሞት ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ጨረሩን የሰጠው ሐኪምና ጨረር እንደወሰደ የሚያውቅ የጥርስ ሐኪም ተነጋግረው ካልወሰኑ በቀር አይነቀልም። ማታ አራት ሰዓት ላይ ጻፈችልኝ፦ ደርሳበታለች፣ ቀጠሮውን ሰርዟል።